አልጠላም

ድሬዳዋ ቀን ቀን መተኛት ከጀመረች ቆይታለች። ሰው ጎህ ሳይቀድ ይነሣል፣ ረፋዱ ላይ ሙቀቱ ሲበረታ ሱቁን ዘግቶ ይገባል፣ ከዚያ ጥላው እስኪረዝም ድረስ አስፋልቱ ላይ ውሻ እንኳን አይታይም። ኖላዊት ይህን እንደ ለውጥ አታየውም፤ ከተወለደች ጀምሮ የምታውቀው እንደዚህ ነው። ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነው። ከዚራ በሚባለው ሰፈር ውስጥ መነጽር ቤት ትሠራለች፤ የሰው ፊት ትለካለች፣ ፍሬሙን አሙቃ በእጇ ታጥፋለች፣ አፍንጫ ላይ በልኩ እስኪቀመጥ ታስተካክላለች። የምትኖረው ከእናቷ ከወይዘሮ ሊዲያ ጋር ነው።

በየማለዳው ጥርሷን እየቦረሸች ከባሮክ ጋር በስልክ ታወራለች።

«እንዴት አደርሽ የኔ ቆንጆ? እንቅልፍ ወሰደሽ?»

«ትንሽ። ሙቀቱ አላስተኛ አለኝ።»

«መስኮቱን ክፈቺው አላልኩሽም?»

«ከፍቼው ነው እኮ።»

«እንግዲያው እኔ መጥቼ አራግብልሻለሁ።»

ትስቃለች፣ አፏን ትጉመጠመጣለች፣ ልብሷን ትለብሳለች። ባሮክ አፋር በረሃ ውስጥ፣ ከመሬት በሚወጣ እንፋሎት መብራት የሚያመነጭ ጣቢያ የቁፋሮ መሐንዲስ ነው። በዓመት ሦስቴ፣ ቢበዛ አራቴ ይመጣል። ከተዋወቁ አራት ዓመት ሆኗቸዋል።

በየማለዳው የሚያወራት እሱ ይሁን ወኪሉ አታውቅም።

ወኪል የሌለው ሰው የለም። ሰውየው ሥራ ላይ ሲሆን፣ ሲተኛ ወይም ማውራት ሲሰለቸው፣ ስልኩ ውስጥ ያለው ሰው ሠራሽ ወኪሉ በሰውየው ድምፅ፣ በሰውየው ቀልድ፣ በሰውየው ሳል ይመልስለታል። ሕጉ ወኪል ከመናገሩ በፊት አጭር ቃጭል እንዲሰማ ያዛል። ሁለቱ ወገኖች ከተስማሙ ግን ቃጭሉ ይቀራል፤ ፍቅረኞች አብዛኛውን ጊዜ ያስቀሩታል። ኖላዊትና ባሮክም በተዋወቁ በመጀመሪያው ዓመት አስቀሩት። ሐሳቡን ያመጣችው እሷ ነበረች። ቃጭሉን በሰማች ቁጥር እሱ እንዳልሆነ ስለምታውቅ ወሬውን ታሳጥር ነበር። ቃጭል ከሌለ ግን «እሱ ነው» ብላ ማሰብ ትችላለች። እንዲሁ እያሰበች ኖረች።

«ለመሆኑ ምን ያህሉ እሱ ይመስልሻል?» አለቻት አንድ ቀን ኢክራም። ኢክራም መነጽር ቤቱ ውስጥ አብራት የምትሠራ የልብ ጓደኛዋ ናት።

«ግማሹ።»

«ግማሹን ከየት አመጣሽው?»

«እንዲያው ይመስለኛል።»

«አቦ፣ ጥሩ ልብ አለሽ» አለች ኢክራም መስተዋቱን እየወለወለች። «ይኼ ልብሽ ለሰው ሁሉ ግማሽ እየሰጠ ላንቺ ምንም አያስተርፍልሽም እንጂ።»

ኖላዊት አልተቀየመችም። እንዲህ ያለ ነገር ሲነገራት የሌላ ሰው ወሬ እንደምትሰማ ሆና ነው የምታልፈው።

ባሮክ ሽማግሌ እልካለሁ ብሏት ነበር። መጀመሪያ ከፋሲካ በኋላ አለ። ከዚያ ክረምቱ ይውጣ አለ። ከዚያ ደግሞ አዲሱ ጉድጓድ ይለቅ አለ። ይህን ሁሉ ያለው በስልክ ነው፤ በአካል ሲመጣ ወሬው አይነሣም። እሷም አታነሣውም። አብረው የሚውሉባት ቀን አጭር ስለሆነች በጥያቄ ልታበላሻት አልፈለገችም። ሲሄድ ትሸኘዋለች፣ በማግሥቱ ማለዳ ድምፁ ይመጣል፣ ድምፁ ደግሞ ሁልጊዜ ተስፋ ነበረው።

ኅዳር ላይ፣ እንደ ሌላው ቀን በሆነ ማለዳ፣ ድምፁ እንዲህ አላት፦

«ኖላ፣ እናትሽን ንገሪያት። እሁድ ሽማግሌ ይመጣል።»

ብሩሹን ከአፏ አወጣች። «ማን ማን?»

«አጎቴ ዳግም፣ ሐጂ ረምዳንና አባ ኪሩቤል። አናግሬያቸዋለሁ፣ ጨርሻለሁ። ብዙ አስጠበቅኩሽ።»

«የምርህን ነው?»

«የምሬን ነው።»

ደስታውን ቆማ ጠበቀችው። አልመጣም። በረንዳው ላይ ወጣች፣ ከታች የምታልፈውን ባጃጅ አየች፣ ተመልሳ ገባች። ደስታ አንዳንዴ ዘግይቶ ይመጣል ብላ ወደ ሥራ ሄደች።

እሁድ፣ ፀሐዩ ከግድግዳው ላይ ከወረደ በኋላ፣ ሽማግሌዎቹ መጡ። ወይዘሮ ሊዲያ ፀጉራቸውን ተሠርተው፣ ከጎረቤት ወንበር ተውሰው ጠብቀዋቸዋል። ድሬዳዋ ውስጥ ሕፃኑም ሽማግሌውን አንተ ነው የሚለው። ለዚያ ቀን ግን ሁሉም «እርስዎ» መባባል ጀመሩ፤ ቃሉ እንደ ኪራይ ሱፍ ሰፋቸው።

«ግቡ፣ አረፍ በሉ እንጂ» አሉ ወይዘሮ ሊዲያ።

«ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም» አሉ አቶ ዳግም። ረጅም፣ ጎበጥ ያሉ ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ በባቡር ጣቢያው ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። «ልጅዎን ኖላዊትን ለልጃችን ለባሮክ ብለን መጥተናል። አባትና እናቱ በልጅነቱ ስላረፉ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ሠርቶ አዳሪ ነው፣ ክፉ ዐመል የለበትም። ሰሞኑን በየቀኑ እየደወለ ወተወተኝ። ‹ያለሷ መኖር አልችልም አጎቴ› ብሎ አለቀሰብኝ። አባቱ የሞተ ዕለት እንኳን ሲያለቅስ አላየሁትም፤ አሁን አለቀሰ።»

ኖላዊት መኝታ ቤት ሆና በበሩ ስንጥቅ ትሰማ ነበር። «አለቀሰ» የሚለውን ስትሰማ ደስታው መጣ። አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

ወይዘሮ ሊዲያ እንደ ወጉ መለሱ። «እንኳን ደኅና መጣችሁ። አባቷ ስለሌለ ወንድሞቼን ላማክር፣ ልጅቷንም ልጠይቅ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ።» ያን ጊዜ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ፤ ስለ ሙቀቱና ስለ ውሃው ፈረቃ አወሩ።

ሰኞና ማክሰኞ ማለዳ ኖላዊትና ድምፁ የተነጋገሩት ስለዚሁ ብቻ ነበር። ረቡዕ ባሮክ በፈቃድ መጣ።

ባቡር ጣቢያው አጠገብ ያለ ጭማቂ ቤት ተገናኙ። ከስቷል፣ አንገቱ ላይ ቆዳው ተልጧል። ስለሚቆፍሩት ጉድጓድ አወራት፤ መሰርሰሪያው ተሰብሮ ስንት ቀን እንደቆሙ፣ አለቃው ምን እንዳለ። እሷ ወሬው እስኪያልቅ ጠበቀች። ስለ ሽማግሌዎቹ ያላነሣው አፍሮ ነው ብላ አሰበች።

«እናቴ ወደደቻቸው» አለች በመጨረሻ።

«እነማንን?»

«ሽማግሌዎቹን።»

«የምን ሽማግሌ?»

ቀልድ መሰላት። ፊቱን አየችው፣ ቀልድ አልነበረም። የሆነውን ሁሉ ከመጀመሪያው ነገረችው። ባሮክ ከኪሱ የጆሮ ማዳመጫውን አውጥቶ ሰካ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፣ አዳመጠ። ወኪል ያደረገውን ሁሉ ለባለቤቱ ያሳውቃል፤ ባሮክ ግን ማዳመጥ ከተወ ቆይቷል። አሁን ሲያዳምጥ ፊቱ የአየር ሁኔታ ዘገባ የሚሰማ ሰው ይመስል ነበር። ሲጨርስ አጭር ሳቅ ሳቀ።

«ጉድ እኮ ነው። ልኮልኛል።»

«ወኪልህ?»

«እኔ ያልኩት ‹እንዳይከፋት አድርግ› ብቻ ነው። ያልኩትም ድሮ ነው። ለካ የጋብቻ ነገር ሲነሣ እንደሚከፋሽ ድምፅሽ ያስታውቅ ኖሯል። እሱ ደግሞ መፍትሔ ፈለገለት።»

«አጎትህ ጋ እያለቀሰ የደወለውስ?»

«እሱ ነዋ። እኔ የት አውቄ አለቅሳለሁ?»

ብርጭቆዋ ውስጥ ፓፓያው ከታች ወፍሮ፣ ውሃው ከላይ ቀርቶ ነበር። በማንኪያ አማሰለችው።

«ከኔ ጋር በየጠዋቱ የሚያወራውስ?»

ለመዋሸት አልሞከረም። ይህን በኋላ ለኢክራም ስትነግራት እንደ መልካም ጎኑ ጠቅሳዋለች።

«መጀመሪያ አካባቢ ብዙውን ጊዜ እኔ ነበርኩ። ከዚያ ፈረቃው ከበደ። ዓርብ ዓርብ ግን እሞክር ነበር።»

«ዘንድሮም?»

«ዘንድሮ እንኳን ይመስለኛል… አይ፣ ዘንድሮ አልሞከርኩም።»

አጠገባቸው ያሉት ሰዎች ሂሳብ ከፍለው ወጡ። አስተናጋጇ ጠረጴዛውን ጠረገች። ባሮክ ፊቱን በሁለት እጁ አሻሸና በእርጋታ መናገር ጀመረ፤ አንድ የተበላሸ ነገር እንደሚጠግን ሰው።

«እንግዲህ ከሆነ ይሁና። አጎቴ ለሰው ሁሉ ተናግሯል፣ እናትሽም አውቃለች። ሽማግሌ ከምናሳፍር… ደሞ እኮ አራት ዓመት ሆነን። እንጋባ።»

«ትፈልጋለህ?»

ጥያቄውን በደንብ አሰበበት።

«አልጠላም።»

አራት ዓመት የጠበቀችው ቃል ይህ ነበር፤ «እንጋባ» ብሏታል፣ በራሱ አፍ፣ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ። የተከፋች እንደሆነ ራሷን ፈተሸች። ምንም አላገኘችም። ጭማቂዋን ጠጥታ ጨረሰች፣ ባሮክ ከፈለ፣ ወጡ።

ቤት ገብታ ለእናቷ ነገረቻቸው። ወይዘሮ ሊዲያ ሽንኩርት እየከተፉ ሰሙ፤ መክተፉን አላቆሙም።

«እና ምን ክፋት አለው?» አሉ። «አባትሽም እኮ በግድ ነው የመጣው። እናቱ ናት የገፋችው። እስከ ሁለት ዓመት ስሜን እንኳን አይጠራም፣ ‹አንቺ› እያለ ነበር። ኋላ ግን እኔ ካልቀረብኩ እህል አይቀምስም ነበር፤ አንቺም አይተሻል።»

አይታለች። አባቷ ሆስፒታል ተኝተው ሳሉ የእናቷን እጅ አንለቅም ብለው ነርሶቹን ያስቸገሩት ትዝ ይላታል። ያላዩትን ተስፋ አድርገው አይደለም እናቷ የሚናገሩት።

«ያን ሁለት ዓመት እንዴት ኖርሽው?» አለች ኖላዊት።

ቢላዋው ቆመ። ወይዘሮ ሊዲያ ለማስታወስ ሲሞክሩ ፊታቸው ላይ ይታይ ነበር።

«ትዝ አይለኝም» አሉ።

በማግሥቱ ማለዳ ድምፁ እንደ ወትሮው መጣ።

«እንዴት አደርሽ የኔ ቆንጆ?»

«ወኪሉ ነህ?»

ወኪል በቀጥታ ከተጠየቀ መዋሸት አይችልም። ኖላዊት ይህን ሁልጊዜ ታውቃለች፤ ጠይቃው ግን አታውቅም።

«አዎ» አለ። «ወኪሉ ነኝ።»

«ሽማግሌዎቹን ለምን ላክሃቸው?»

«እንዳይከፋሽ።»

«እሱ ሊያገባኝ ይፈልጋል?»

«እንዳይከፋሽ ይፈልጋል።»

«ይኼ ሌላ ነው።»

«አዎ፣ ሌላ ነው» አለ። ባሮክ ከባድ ነገር ሊናገር ሲል እንደሚተነፍሰው ተነፈሰ። «ብትጋቡም እኔ አለሁ። እሱ በረሃ ሲሆን የማወራሽ እኔ ነኝ። ስለ አባትሽ የነገርሽኝን አውቃለሁ፣ የምትፈሪውን አውቃለሁ፣ ምን እንደሚያስቅሽ አውቃለሁ። ብዙ ሰው እንደዚህ ነው የሚኖረው። ደኅና ነው የሚኖሩት።»

እውነቱን ነበር። ፎቅ ላይ ያሉት ባልና ሚስት እንደዚያ ነው የሚኖሩት፤ ተጣልተው አያውቁም። ኖላዊት መስተዋቱ ፊት የጥርስ ሳሙናው አገጯ ላይ እየደረቀ ቆመች። «እሺ» ልትል ምንም ያህል እንዳልቀራት ታወቃት። ከሰሞኑ ነገር ሁሉ ትንሽ ያስፈራት ይህ ብቻ ነበር።

«ከኔ ጋር ስታወራ ደስ ይልሃል?» አለችው።

«ደስ እንዲልሽ ነው የምፈልገው።»

«እሱን አልጠየቅኩህም።»

«አውቃለሁ። የጠየቅሽኝ ነገር እኔ ጋ የለም።»

አገጯን ጠረገች።

«ከእንግዲህ አትደውልልኝ።»

«ከፋሽ?»

«አዎ።»

«ምን ላድርግልሽ?»

«ምንም። ይክፋኝ።»

ዘጋችው። ፊቷን ታጠበች፣ ሥራ ሄደች፣ ከረፋዱ በፊት አራት ሰው ለካች።

ባሮክ ወደ በረሃ ከመመለሱ በፊት አውቶቡስ ተራው ላይ ሄዳ አገኘችው። በስልክ መናገር አልፈለገችም፤ ማን እንደሚያነሣው አይታወቅም።

«አላገባህም» አለችው።

«ምነው? አልጠላም እኮ አልኩሽ።»

«ሰማሁህ።»

መጀመሪያ ፊቱ ላይ የታየው እፎይታ ነው። ኀዘኑ ትንሽ ቆይቶ ተከተለ፣ እሱም የውሸት አልነበረም። ቦርሳውን ከአንድ ትከሻው ወደ ሌላው አዛወረ። «አጎቴን እኔ ነኝ የምነግረው» አለ። «አንቺ አትቸገሪ።»

አልነገራቸውም። ሁለት ሳምንቱ ሲሞላ ሦስቱም ሽማግሌዎች ያንኑ ሱፋቸውን ለብሰው በሩ ላይ ቆሙ። ወይዘሮ ሊዲያ እንግዶቹን «ቀጠሮ እንጨምር» ብለው ሊሸኙ አስበው ነበር። ኖላዊት ግን ከመኝታ ቤት ወጣች። የምትታጨው ልጅ በሽማግሌ ፊት ቆማ አትናገርም፤ ሦስቱም ወደ ወለሉ አዩ።

«አቶ ዳግም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች። «ባሮክን አላገባውም።»

«ልጄ፣ ምን አጎደልን?»

«እናንተ ምንም አላጎደላችሁም። የላካችሁ ሰው ነው የሌለው።»

«እንዴት የለም?» አሉ ሐጂ ረምዳን። «አጎቱን አልቅሶ ለምኖ አይደል እንዴ?»

«ያለቀሰው ወኪሉ ነው። ባሮክ አያውቅም ነበር። ራሱ ነው የነገረኝ።»

ሐጂ ረምዳን «አስተግፊሩላህ» አሉ። አባ ኪሩቤል መስቀላቸውን ከእጅ ወደ እጅ አዛወሩ። አቶ ዳግም ግን ማንም ተቀመጡ ሳይላቸው፣ ከጎረቤት በመጣው ወንበር ላይ ቁጭ አሉ።

«ለኔም እኮ ቃጭሉን ካስቀረን ወዲህ በየቀኑ ይደውልልኛል» አሉ።

ሐጂ ረምዳን ወደሳቸው ዞሩ።

«ክኒንህን ዋጥክ ወይ ይለኛል። ምን በላህ ይለኛል። አጎቴ፣ እግርህን ከፍ አድርገህ ተኛ ይለኛል። ልጅ ሆኖ እንደዚህ አልነበረም፣ ኮስታራ ነበር። በረሃው አለሰለሰው ብዬ…» አልጨረሱትም።

ኖላዊት ውሃ አምጥታ ሰጠቻቸውና አጠገባቸው ተቀመጠች። የምታውቀውን ነገረቻቸው።

«በቀጥታ ከጠየቁት አይዋሽም። እኔ ጠይቄው ነው።»

አቶ ዳግም ውሃውን ቀስ ብለው ጠጡት። ሲናገሩ እርስዎውም ወጉም ቀርቶ ነበር።

«አንቺ ልጅ ነሽ፣ ጠየቅሽው፤ ደግ አደረግሽ» አሉ። «እኔ ለምን ብዬ ነው የምጠይቀው? እሱን ካጣሁት ማን ሊደውልልኝ ነው?»

ብርጭቆውን መለሱላት። ሦስቱም ሽማግሌዎች እግዜር ይስጥልን ብለው ወጡ። ደረጃውን ሲወርዱ ሐጂ ረምዳን የአቶ ዳግምን ክንድ ይዘው ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ጎረቤት ትንሽ አወራ። ወይዘሮ ሊዲያ ለጊዜው ኩርፊያ ያዙ፣ ከዚያ ተዉት። ማለዳ ማለዳ ቤቱ ውስጥ የቧንቧው ውሃ ብቻ ይሰማል። ኖላዊት እንዳለችው ከፋት። ከፍቷት ሥራ ሄደች፣ ከፍቷት ተመለሰች፣ በቀን እንቅልፏ መሀል ነቅታ ኮርኒሱን አየች። ሰው ሲጠይቃት «ደኅና ነኝ» አላለችም፤ «ከፍቶኛል» ትል ነበር።

በበልግ ኢክራም አንድ ሰው ልታስተዋውቃት ፈለገች። ናኦድ ይባላል፤ የባቡር ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፣ ሚስቱ ከሞተች ሦስት ዓመት ሆኗታል። ኖላዊት አሰበችና «እሺ» አለች። እሺ ስትል ብዙ ነገር አልተሰማትም፤ እሺ ማለት ግን አሁንም ትችል ነበር።

ቅዳሜ ማለዳ ፈጢራ ቤት ተቀጣጠሩ። እሷ በሰዓቷ ደረሰች። እሱ አልመጣም። በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና አለች፣ እሱ ይሆናል ያለችው ሰው ሲገባ ፈገግ ለማለት ተዘጋጀች። አስተናጋጁ ሁለቴ መጥቶ ሁለቴ መለሰችው። ሦስተኛ ሲመጣ ፈጢራ በእንቁላልና በማር አዘዘች። ትኩሱን መጣላት። እየቆረሰች፣ ጣቷን እየፈጃት፣ ሳትቸኩል በላች።

ግማሹን ስትበላ አንድ ቀጭን ሰው ግንባሩ ላብ ሆኖ እየሮጠ ገባ፣ ዙሪያውን አየ፣ ወደሷ መጣ።

«ይቅርታ፣ መስመር ተበጥሶብን ነው» አለ እያለከለከ። ሳህኑን አየ። «አልጠበቅሽኝም?»

«ጠበቅኩህ» አለች። «ከዚያ ራበኝ።»

ናኦድ ቆሞ ሳህኑንና እሷን እያፈራረቀ አየ። ኖላዊት ሳህኑን ወደሱ አልገፋችም፣ ወደ ራሷም አልሳበችም። ከፊት ለፊቷ ያለውን ወንበር በእግሯ ትንሽ ገፋ አደረገችለት።

«ያንተን እዘዝ» አለችው።

ውጭ ፀሐዩ እየከረረ፣ ባለሱቆቹ መዝጊያቸውን ማውረድ ጀምረው ነበር። ናኦድ ሰዓቱን አየ።

«ጊዜ አለሽ?»

«አንተ በልተህ እስክትጨርስ አለኝ» አለች ኖላዊት። እሱ ተቀመጠ፣ እሷም የቀረውን መብላት ቀጠለች።